ዲፈረንሻሉን የመረጥንበት ክረምት

ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚወርደው መንገድ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአሮጌ የጭነት መኪናችን ለዓመታት ተመላልሰንበታል። እህል እናወርዳለን፤ ፍየልና ሰው ይዘን እንወጣለን። ክረምት ሲገባ ግን መኪናው ጉድ ይሠራን ነበር። አንዱ የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲገባ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ወደዚያ ይሄድና እሱ ብቻ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ዝም ብሎ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ድንጋይ ሲያነጥፍ ይውላል።

ወንድሜ ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያከፋፍለውን ዲፈረንሻል እንቀይር ማለት ያበዛው ሚስቱ ካረገዘች ወዲህ ነው። እናቷ ዝቋላ ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ልትወልድ ሄዳለች። ሰቆጣ ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ሁለት ዓይነት እንዳለ አስረዱን። አንደኛውን ሹፌሩ ጋቢና ሆኖ ይቆልፈዋል፤ ሲቆለፍ ሁለቱ ጎማዎች የግድ አብረው ይዞራሉ። ሁለተኛው እንደ ፍሪሲዮን እየተፋተጉ የሚይዙ ዲስኮች አሉት፤ አንዱ ጎማ መንሸራተት ሲጀምር ማንም ሳይነካው ለሌላው ጉልበት ያካፍላል። ወንድሜ ብዙ አሰበ። የሚቆለፈውን ሳይፈቱ ደረቅ መንገድ ላይ ቢታጠፉ ጎማውን የሚያዞረው ብረት ሊሰበር እንደሚችል ሰምቷል። ቆላ ላይ ተሰብሮ ከሚያስቀረኝ አለና ራሱ የሚይዘውን መረጠ። እኔም ተስማማሁ።

መካኒኩ፣ «ሁለቱም ጎማዎች መሬት እስከነኩ ድረስ አያሳፍራችሁም» አሉን።

እውነታቸውን ነበር። ያን ክረምት ጭቃውን ሁሉ አለፍነው። ወንድሜ እየነዳ ማፏጨት ጀምሮ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝቋላ እያለን፣ የሚስቱ ምጥ ቀኑን ሳይጠብቅ መጣ። ጤና ጣቢያው ፈጥናችሁ ሰቆጣ አድርሷት አለን፤ አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሄዶ ስለነበር በእኛው መኪና ጫንናት። አንድ መሻገሪያ ላይ ጎርፉ የመንገዱን ዳር በልቶት ነበር። የኋላ ግራ ጎማችን ከመሬት ተነሥቶ ተንጠለጠለ። ወንድሜ ነዳጅ ሰጠ። የተንጠለጠለው ዞረ፤ መሬት የያዘው ንቅንቅ አላለም። ደጋግሞ ሞከረ።

መሪውን እንደያዘ፣ «የሚቆለፈው ቢሆን ይወጣ ነበር» አለ።

እውነት ነበር።

ከማሳ ሰዎች ሮጠው መጡልን። በቃሬዛ ተሸክመናት ዳገቱን ወጣን፤ የፊቱን ጫፍ ወንድሜ ለማንም አልለቀቀም። ከላይ ሌላ መኪና አገኘንና ሆስፒታል ደረስን። እሷን አተረፏት። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር።

መኪናው ተጎትቶ ሲወጣ ወንድሜ የሚቆለፈውን አስገጠመ። ያንን መሻገሪያ አንድ ጊዜ አለፈበት፤ መኪናው ምንም ሳይቸገር ወጣ። ወርዶ ቁልፉን ሰጠኝና ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም። ብዙም ሳይቆይ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ወደ ሳውዲ ብሎ ወጣ። ባሕሩን ይሻገር አይሻገር የሰማ የለም።

አሁን የምነዳው እኔ ነኝ። መኪናው የሚያቅተው መንገድ የለም። ሚስቱ ከእናቷ ጋር ናት። በገበያ ቀን በእግሯ ስትሄድ መንገድ ላይ እደርስባታለሁ። አቆምና በሩን እከፍትላታለሁ። ራሷን ነቅንቃ ወደ ዳር ትጠጋለች፤ አልፌያት እስክሄድ ድረስም ቆማ ትጠብቃለች።