ጨው ያጠጣሁት ወይን

በምሠራበት ሆቴል ሁለት ሳምንት የሰነበተ አንድ ስፔናዊ ሽማግሌ ሲሄድ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ትቶልን ነበር። አስጎብኚው እንደተረጎመልን፣ ወይኑ የተጠመቀው የሰውየው አያት ሳይወለዱ ከተተከሉ አሮጌ ግንዶች ፍሬ ነው። ግንዱ ሲያረጅ ፍሬው ያንሳል፤ ያቺ ጥቂቷ ግን የወጣቱን ሁሉ ታስንቃለች አሉ። በሰውየው አገር እንዲህ ያለውን ግንድ ደፍሮ የሚነካ የለም። የዕቃ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ቡሹን የነቀልኩት እኔ ነኝ። የደረቀ ፍሬና ፀሐይ የመታው እንጨት ሸተተኝ፤ ትንሽም አፈር አፈር ይላል። ስጎነጨው መጀመሪያ ኮምጠጥ፣ ኋላ ጣፈጥ አለ። የኛ ዘቢብ! ባልደረቦቼ ብርጭቆ እየተቀባበሉ ሲሳሳቁ፣ እኔ በንዴት ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነበር። በግቢያችን የአባቴ አያት የተከሉት ወይን ነበረን። ግንዱን ባቅፈው ጣቶቼ አይገናኙም። ሐረጉ በባሕር ዛፍ ዳስ ላይ ተዘርግቶ የግቢውን እኩሌታ ያጠላል፤ ከሥሩ እኛ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፣ እናቴ ጥጥ ትፈትላለች። ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጥ ግን አንዲት ፍሬ አትቀመስም። አባቴ ዘለላውን በሰፌድ አስጥቶ ያደርቀውና፣ ዘቢብ ሲሆን በነጭ ጨርቅ ቋጥሮ ለዲያቆናቱ ያስረክባል። እነሱ ዘፍዝፈው፣ ጨምቀው ለቅዳሴ ያደርሱታል። እኔ ቆርቤ ስመለስ አፍሽን ሸፍኚ እየተባልኩ «የኛ ነው እኮ!» ብዬ ለጓደኞቼ ለመንገር እቸኩል ነበር። ያለኛ ግቢ ቁስቋም የሚቀደስ አይመስለኝም ነበር።

ከድንጋይ ካቡ ማዶ አያ ጥጋቡ ይኖራል። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ እጄ አልጽፍም አለኝ። ይህ ሰው ካቡን ተጠግቶ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራ ሲያስብ የወይኑ ሥርና ሐረግ አላሳልፍ አለው። ቁረጥልኝ ብሎ አባቴን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቀው። አባቴ አይሆንም አለ።

አባቴ ለአክስቱ ተዝካር መካነ ብርሃን በሄደበት ሳምንት እናቴ አራስ ነበረች። አንድ ጠዋት አያ ጥጋቡ በካቡ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ የኔ ሸጋ። የወይናችሁን ሥር ምስጥ ገብቶበታል። አባትሽ ሲሄድ ለኔ ነው አደራ ያለው።»

በጣሳ እንፋሎቱ የሚጨስ ውሃ አቀበለኝ። «መድኃኒት ነው። እንዳይፈጅሽ ቀስ በዪ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ሲመጣ ድኖ ያግኘውና ይደሰት።»

ጠዋትና ማታ፣ ስድስት ቀን አጠጣሁ። በየጣሳው አንድ ከረሜላ ይሰጠኛል። ግንዱን እየደባበስኩ «አይዞህ፣ ትድናለህ» እለው ነበር። ውሃው ሲሰርግ የሚያሰማው ድምፅ እስከዛሬ አልጠፋኝም።

አባቴ ሲመለስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ወር ሳይሞላው ሐረጉ እንደ ገመድ ደረቀ። አባቴ ሥሩን ቆፈረና ከአፈሩ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገ። «ጨው ነው» አለ። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። ሮጬ ከእህል ጎተራው ኋላ ገባሁና ተደበቅሁ።

አባቴ በሰፈር ፊት ጎረቤቱን ከሰሰ፤ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀመጡ። ምስክር የለም። ስለዚህ አያ ጥጋቡ ይማል ተባለ። ቀኝ እጁን ወደ ቤተ መቅደሱ አንሥቶ፣ «በዚህ እጄ አንዲት ጠብታ ከወይኑ ሥር አፍስሼ እንደሆነ እጄ ይድረቅ!» አለ። ቀኑን ሙሉ እጁን ሳይ ዋልኩ። አልደረቀም። ለምን ይደርቃል? የሱ እጅ አላፈሰሰም። ያፈሰሰው እጅ የኔ ቀሚስ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ማለ ማለት ነጻ ወጣ ማለት ነው። አባቴ ደግሞ የሰው ስም አጥፍቷልና ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። በአገራችን ወግ የተበደለ ሰው ድንጋዩን ከይቅርታ ጠያቂው ጫንቃ ላይ ፈጥኖ ያወርዳል። አያ ጥጋቡ ግን ጋቢውን ፈትቶ እንደገና ለበሰ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ከጎኑ ያለውን ሰው ስለ ዝናቡ ጠየቀ። አባቴ ጎንብሶ ይጠብቃል፤ ላቡ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። ያን ዕለት አያ ጥጋቡን በልቤ አንድ ቀን እከፍልሃለሁ አልኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ክፍሎቹ ተሠሩ። አባቴ ሌላ ወይን አልተከለም፤ ስለዚያም ነገር አንሥቶ ሳያውቅ አረፈ። እኔ አደግሁ፣ ወለድሁ፣ ቂሜን ግን እንደ ልጅ እያጠባሁ አሳደግሁት። አያ ጥጋቡን መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ሰላምታውን ሳልመልስ አልፋለሁ፣ ደስም ይለኛል።

የስፔኑን ወይን በቀመስኩ በሳምንቱ የአያ ጥጋቡ የንስሐ አባት ቤቴ መጡ። ሽማግሌው ታሟል፣ መቁረብ ይፈልጋል፤ ከኔ ሳይታረቅ ደግሞ አይሆንም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ምናልባት እሺ እል ነበር። ያ ጣዕም ገና ከአፌ አልወጣም።

«ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ» አልኳቸው። «ያደረገውንም በሰው ፊት ይናገር።»

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ መጣ። ሁለት የልጅ ልጆቹ ደግፈውታል፤ ጫንቃው ላይ ድንጋይ አለ። ሕዝቡ ቆመ። እናቴም አጠገቤ ነበረች።

«ወይኑን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ጨው በፈላ ውሃ አድርጌ በዚች ልጅ እጅ አስፈሰስኩ። ሕፃን ነበረች፣ አታለልኳት። በመሐላዬ አባቷን ውሸታም አደረግሁት።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። የሱን ውርደት ስመኝ የኔም አብሮ እንደሚወጣ አላሰብኩም ነበር። ፊቴ ጋለ፤ ይባስ ብዬ ነጠላዬን አወረድኩና ቀስ ብዬ ማጣፋት ጀመርኩ። ሽማግሌው ጎንብሶ ይጠብቃል።

«ምነው አንቺ ልጅ! አውርጂለት እንጂ!» አለች እናቴ።

«አባዬን ያቆመውን ያህል ይቁም!»

እናቴ ክንዴን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «አባትሽ አንቺ እንደሆንሽ ያውቅ ነበር። ከከሰሰው በኋላ የቀሚስሽን ጫፍ ጨው አንጥቶት አየ። ‹ልጄን አቁመው መስክሪ ከሚሏት፣ ወይኑን በእጅሽ ገደልሽ ከምትባል፣ ድንጋዩን እኔ ልሸከም› አለኝ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው የሞተ።»

ድንጋዩን አወረድኩ። ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። «ይቅር ብያለሁ» አልኩ፤ ሕዝቡ እልል አለ፣ ሽማግሌው እጄን ሳመ፣ በሳምንቱም ቆረበ አሉ።

ልጅ እያለሁ አባቴ ፊት ዝም የምለው እንዳያውቅብኝ ፈርቼ ነበር። አሁን እሱም እንዳላውቅ ብሎ ዝም ይል እንደነበር ዐወቅሁ። ስንት ዓመት በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እኔ ከሱ፣ እሱ ከኔ ስንደባበቅ ኖርን። አያ ጥጋቡን ስለ ወይኑ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ስለ ድንጋዩም እንኳ። አንዱን ግን አልቻልኩም። «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ብዬው፣ «አውቃለሁ ልጄ» ብሎኝ፣ አብረን የምናለቅስባትን አንዲት ቀን ወስዶብኛል።