የጅብ ሽንኩርት ሥር

ዓመታት የፈጀሁት ከአንድ ተክል ጋር ነው። የጅብ ሽንኩርት ይባላል፤ ክረምት ሲገባ አቃቂ ረግረጉ ዳር ነጭ አበባ ያወጣል። ለዩኒቨርሲቲ ጥናቴ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሥሩ ላይኮሪን የሚባል ነጭ ዱቄት አወጣ ነበር። ውሃ እምብዛም አያሟሟውም፤ አሲድ ይፈልጋል። ሴል ውስጥ ሲገባ ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል። በሳህን ያሳደግናቸው የካንሰር ሴሎች ሲሞቱ በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። ችግሩ ጤነኛውንም ሴል አይምርም።

አባዬ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ መካኒክ ነበር። ጨጓራው ላይ ካንሰር ሲገኝበት ሐኪሞቹ በኬሞቴራፒ ዕድሜው ሊራዘም እንደሚችል ነገሩን። እሱ ግን ያመነው ስለ ሥራዬ ከራሴ አፍ የሰማውን ነበር። አንድ ቀን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ድረስ በሚኒባስ መጣና ያንን ዱቄት ስጪኝ አለኝ።

መድኃኒት እንዳልሆነ፣ ለሰው ምን ያህሉ እንደሚበቃና ምን ያህሉ እንደሚገድል በውል እንደማይታወቅ፣ ሲጠጡት መጀመሪያ የሚያደርገው ማስመለስ እንደሆነ አስረዳሁት።

"ለአይጥ ትሰጪው የለ?" አለኝ።

"አይጦቹም ይሞታሉ፣ አባዬ።"

ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ሲለምናት አንጀቷ አልቻለም፤ ረግረጉ ዳር ወርዳ ሥሩን ቆፈረች፣ ቀቅላም አጠጣችው። ደውላልኝ ስደርስ ሆዱ ባዶ ሆኖም ማስመለሱ አላቆመም። ሆስፒታል ወሰድነው። ሰውነቱ ውሃ ጨርሶ ኩላሊቱ ደክሞ ነበር። ኬሞውን ሳይጀምር አረፈ።

ለቅሶው ላይ እህቴ ዘመድ በተሰበሰበበት ወደኔ ዞረች።

"ንጹሑን መድኃኒት በእጅሽ ይዘሽ ከለከልሽው። አንቺ ብትሰጪው ኖሮ እኔ ያንን ጭቃ ሥር አልቀቅልም ነበር።"

ሴቶቹ ልክ ናት በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ንጹሑ ከሥሩ የባሰ መርዝ መሆኑን መናገር እችል ነበር። ግን ያን ካልኩ፣ አባቷን በገዛ እጇ አጠጥታ እንደገደለች በሰው ፊት መናገሬ ነው። አፌን ዘጋሁ። ዝምታዬን ሁሉም እንደ ማመን ቆጠረው።

ጥናቴን ጨርሼ ስመረቅ እህቴን ጠራኋት፤ አልመጣችም። አሁንም ቤቷ ስሄድ ልጆቿ ናቸው የሚከፍቱልኝ፤ እሷ ከጓዳ አትወጣም። እውነቱን ልነግራት እፈራለሁ። እንደ ጥፋተኛ ተቆጥሬ መኖሩም አንገሽግሾኛል።