ጠይብና የቀበሌው መኪና ሚኒሞ

የሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች አልቀው ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠይብ የሚባል መካኒክ ነበር። ወሎ ተወልዶ በወጣትነቱ አዲስ አበባ የገባ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሥር ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ሙያውን የተማረ ሰው ነው። ጋራዡ ሁለት መኪና በግድ የምታስገባ የቆርቆሮ ቤት ናት። ከጀርባዋ ያለችው አንዲት ክፍል መኖሪያው ናት። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ቀበሌ ከፈለገ ይሰጣል፣ ከፈለገ ይነሳል።

ጠይብ ለሰው ያልተናገረው አንድ ነገር ነበረው። ጆሮው ደክሟል። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቀጠቅጥና ድምፅ የሚያፍን ማርሚታ የሌለው መኪና ሲያስነሳ ኖሮ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ አንድ በአንድ ጥሎት ሄዷል። ሲያወሩት አፍ አፋቸውን ያያል፤ ሰዉ ይህን ጨዋነት ይለዋል። ሞተር ግን አፍ የለውም።

ምስጢሩን የምታውቀው ባለቤቱ ሰአዳ ብቻ ነበረች። ሰአዳ ኮፈን ከፍታ አታውቅም፤ ነገር ግን ጓዳ ሆና ሽንኩርት እየከተፈች ሞተር ትሰማለች። እሱ የካርቡራተሩን ብሎን በካቻቢቴ እያዞረ ቀና ሲል፣ እሷ ከነቢላዋዋ በሩ ላይ ብቅ ብላ "ያስነጥሳል" ትለዋለች። ጥቂት ያዞራል። "አሁን ደግሞ ይሮጣል፣ ምን አስቸኮለው?" መልሶ ያዞራል። "ይኸው፣ እንደ ሰው ተነፈሰ" ስትል ካቻቢቴውን ያስቀምጣል። መኪና ቆማ፣ እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ፣ ሞተሩ በራሱ የሚተነፍሳት ያቺ ዝቅተኛ ትንፋሽ ሚኒሞ ትባላለች። መርካቶ ውስጥ ሚኒሞ በማስተካከል እንደ ጠይብ ያለ የለም ይባል ነበር።

ሰአዳ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጠይብ ጎማ፣ ፍሬንና ባሌስትራ እንጂ ሌላ ሥራ አልቀበልም አለ። ለምን ሲሉት ሥራ በዛብኝ ይላል።

አሸብር ግን ከዚህ ሰበብ የሚመለስ ሰው አይደለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ገና አርባ አልሞላውም። ሲለምን "ጋሼ ጠይብ"፣ ሲያስፈራራ "ጓድ ጠይብ" ይላል። ቀበሌው አገር ጥሎ ከሄደ አንድ ባለ ሀብት የወረሳት አንዲት ነጭ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ነበረችው። ጎረቤት ቀበሌ ጂፕ ሲያገኝ የአሸብር ኮሚቴ ሦስት ቀን ተሰብስቦ መኪናችን ጂፑን በዳገት መቅደም አለባት ሲል ወሰነ። ለዚህም ከተጣለ ትራክተር ላይ የተፈታ ቱርቦ በጆንያ መጣ። ቱርቦ ሞተሩን በግድ አየር የሚግት ማራገቢያ ነው። ጠይብ ይህ የናፍጣ ሞተር ዕቃ ነው፣ ይቺ የቤንዚን መኪና ናት ብሎ ቢያስረዳ፣ ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ያለፈ መሆኑ ተነገረው። ቧንቧ በጥሶ፣ ብረት በይዶ ገጠመው።

መኪናዋ ዳገት ላይ ጅብ እንዳባረራት ትሮጥ ጀመር። ስትቆም ግን ሌላ ጉድ ነው። ሞተሯ ያለ ማንም እግር ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ይልና ደንግጦ ይነሣል። መስተዋቱ ይርገፈገፋል፣ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ይውላል። አሸብር በሁሉም ሐሳብ የሚስማማ መስሎ ታየ።

በሰባ ዘጠኝ ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን አሸብር መኪናዋን ይዞ መጣ። ከሁለት ቀን በኋላ በወዛደሮች ቀን መኪናዋ የቀበሌውን ሰልፈኛ እየመራች በሰው እርምጃ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትሄዳለች።

"ጓድ ጠይብ፣ ሰልፍ ላይ ከጠፋች ቤቱ ሲለምነን ለኖረው ለብረታ ብረት ማኅበሩ ይሰጣል። ተወስኗል።"

አብራው የመጣችው የቀበሌው ጸሐፊ በለጥሻቸው መዝገቧን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች መሬት መሬት አየች። መዝገቡ ውስጥ የመኪናዋ ችግር "ወላዋይነት" ተብሎ ሰፍሯል። አንድ የኮሚቴ አባል መፍትሔው ጽኑ አቋም ያለው ሾፌር መመደብ ነው ብሎ አስመዝግቧል።

ጠይብ ካንዴላዎቹን ለወጠ፣ ካርቡራተሩን ከላይ ከፍቶ አጠበ። ያው ነው። መስማት ቢችል ኖሮ ጆሮው ይመራው ነበር፤ ስለማይችል ጣሊያኑ ያስተማረውን የጭስ መላ አሰበ። ሞተር ቆሞ ሲተነፍስ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቀዳዳ ካለበት የሲጋራ ጭስ አጠገቡ ሲተፋበት ቀዳዳው ጭሱን ይውጠዋል። ጠይብ ሲጋራ ወዶ አጭሶ አያውቅም። አንድ ፓኮ ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀምጦ፣ መሣሪያ ነውና ዓመት ያቆየዋል። ችግሩ ዕለቱ ረመዳን የገባበት ቀን መሆኑ ነው። ጾመኛ ነው፤ ጎረቤቶቹም ጾመኛ ናቸው።

የቀሩት አሸብርና በለጥሻቸው ናቸው። አሸብር ደግሞ ከሁለት ወር በፊት በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ ማጨስ የንዑስ ከበርቴ አመል ነው ብሎ፣ ሲጋራውን በሕዝብ ፊት ረግጦ የተወ ሰው ነው። ፓኮውን ሲያይ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። ያለ ውሳኔ አልነካም አለ። ኮሚቴው ተጠርቶ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ተወያየና፣ ጭሱ ለሞተሩ እንጂ ለሰው እንዳልሆነ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

አሸብር የመጀመሪያውን ሳበ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጠይብ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ጠበቀ። ምንም ጭስ አልወጣም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ወደዚህ ይትፉት እንጂ" አለው።

"እየመጣ ነው፣ ጋሼ ጠይብ።"

አንድ ሲጋራ ሙሉ እየመጣ ነው ሲባል አለቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት በሥራው ለመተባበር ሰልፍ ያዙ፤ ጋራዡ በሳልና በደስታ ተሞላ። በስድስተኛው ሲጋራ አንዲት ቀጭን ጭስ አምልጣ ካርቡራተሩ ሥር ሄደችና፣ ክር ወደ መርፌ እንደሚገባ ሆና ጠፋች።

እዚያ ጋ፣ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል፣ አየር እንዳይገባ የሚደረገው ጓርኒሲዮን ነው። ለዚህች ዓይነት መኪና የሚሸጥ ጓርኒሲዮን ስለሌለ ጠይብ ራሱ ከጫማ ካርቶን ቆርጦ ነበር ያደረገው። ቱርቦው በነፋ ቁጥር ካርቶኑ ጥግ ጥጉን ተልጧል። አሁን ወፍራም ወረቀት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ወረቀት የለም። ሁሉም ወደ በለጥሻቸው ዞረው የመዝገቧን ሽፋን አዩ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ በሰም የተለበጠ ነው። ስምንት ዓመት የያዘችው መዝገብ ነውና ተቃወመች፤ ተቃውሞዋን ራሷ ጻፈች፣ በድምፅ ተሸነፈች፣ ሽፋኑን ቀድዳ ሰጠች። ጠይብ ካርቡራተሩ በሚቀመጥበት ብረት ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ቅርጹን አወጣ። በዘይት ነክሮ አሠረው።

የቀረው ሚኒሞውን ማስተካከል ነበር። ሰዉን ሸኝቶ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞተሩ ላይ አስቀመጠና ብሎኑን እያዞረ ውሃውን ያይ ጀመር። መንገደኛው በጾም ቀን ከውሃ ላይ ዓይኑን ያልነቀለውን ሰው እያየ ከንፈሩን መጠጠ። ሲመሽ ውሃው ረጋ። ጠይብ ግን እጁን ከብሎኑ ላይ ቶሎ አላነሣም። "እንደ ሰው ተነፈሰ" የምትለው አልነበረችም።

በሰልፉ ቀን ጣሪያዋ ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ አስረው፣ አሸብር በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ማይክሮፎን ይዞ መፈክር እያሰማ ወጡ። ጠይብ ጎን ጎኗን በእግሩ ይከተላል። ዋናው አስፋልት ላይ ሲደርሱ ከፊት ያለው የማርሽ ባንድ ቆመና ሰልፉ ተገታ። አሸብር ጆሮውን ቀሰረ፤ መንቀጥቀጡም የለ፣ ድምፅም የለ። አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"ጠፍታለች፣ ጓድ ጠይብ። አይሰማኝም።"

ከኋላ ሰዎች ሊገፉ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የብረታ ብረት ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሰልፉ ወጥቶ ወደ መኪናዋ ሲመጣ ጠይብ አየው። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ከመዳፉ ሥር እንደ ተኛ ሕፃን ደረት የሆነ ነገር ይመታል።

"እኔም አይሰማኝም" አለ ጠይብ። ይህን ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው። "ጆሮዬ ከደከመ ዓመታት ሆነው። እሷ ግን አልጠፋችም።"

ከዚያ በመስኮቱ እጁን ሰዶ ማይክሮፎኑን ከአሸብር እጅ ወሰደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አቀረበው። ከጣሪያው ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ የሚል እኩል ድምፅ መንገዱን ሞላው። ከፊት አንድ ሽማግሌ በቆመበት እግሩን ያነሣ ያስቀምጥ ጀመር፤ ሌላውም ተከተለው፤ ጥቂት ቆይቶ ቀበሌው በሙሉ በሚኒሞው ይረግጥ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ቦታው ተመልሶ እሱም ረገጠ።

አሸብር መፈክሩ ስለቀረበት በመስኮት እጁን ዘርግቶ ማይክሮፎኑን ጠየቀ። ጠይብ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና አላየውም። አሸብር ወርዶ ትከሻውን ሲነካው ቀና አለ።

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ። "እየሰማሁ ነው።"