ባዶ ቀፎ ይዘን ከመቱ ወደ ቡሬ ማዶ

ጎህ ሲቀድ፣ መቱ መናኸሪያ

አከራዬ እትዬ ዘይነባ ሦስት ቀፎ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። እኔ ተራራ ለማየት ነው የምሄደው፤ እሳቸው ወንድማቸውን ለመቆጣት። ሾፌሩ ቀፎዎቹን በጎን ያያል።

«እትዬ፣ ንብ አለበት?»

«ገና ነው።»

ጣራው ላይ ጫናቸው። ለማንኛውም ብሎ ግን የቀፎዎቹን አፍ በጨርቅ ወተፈ።

መንገድ ላይ

ጉም፣ ጭቃ፣ ደግሞ ጉም። እትዬ ነገሩን አጫወቱኝ። ከአባታቸው የወረሱት ባለ ደን ተራራ አለ፤ ታናሽ ወንድማቸው ሙክታር መንጥሮ በቆሎ ሊዘራበት ነው። ከሥሩ ቀበሌው በሙሉ የሚጠጣው ምንጭ አለ።

«ደኑ ከሄደ ውሃውም ይሄዳል» አሉ። «ሙክታር ግን ምክር አይሰማም። በእኔ ወጥቶ።»

ረፋድ፣ ቡሬ

ሻይ በቦንቦሊኖ፤ ቦንቦሊኖው የትናንት ነው። ከዚያ ቀፎዎቹን ተሸክመን በእግር። መጀመሪያ ያገኘነው ተራራ ከተመነጠረ ቆይቷል፤ ራሰ በራ ነው። የእሱም ምንጭ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን በግ ተኝቷል። ጄሪካን ያዘሉ ሁለት ሴቶች መጡ።

«ከየት ቀዳችሁ?» አሉ እትዬ።

«ከእናንተ ተራራ።»

እትዬ እርምጃቸውን አፈጠኑ። 

ከሰዓት፣ ተራራው

ሙክታር መጥረቢያውን ስሎ ጠበቀን። ሰላምታው ረጅም ነበር፦ ልጆቹ ደህና፣ ላሟ ደህና፣ ዝናቡም ደህና። የመጥረቢያውን ነገር ያነሳ የለም።

በዚህ አገር ሰው ቀፎ የሰቀለበትን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው። ሙክታር ቀፎዎቹን ሲያይ ገባው።

«ለዚህ ሁሉ ዛፍ ሦስት ቀፎ?»

«እጨምራለሁ።»

«ልጆቼስ ምን ይብሉ?» አለ ሙክታር።

«ማሩ ያንተ ነው። ከጥላው ሥር ቡና ትተክላለህ፤ ችግኙ በእኔ። ውሃ ከሌለ በቆሎህንስ በምን ልታበስለው ነው?»

 እትዬ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ የቀፎ መስቀያውን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ እሱ በመጥረቢያ ምልክት ያደረገበትን ዛፍ መውጣት ጀመሩ። ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው! እኔ ወጣቱ ከታች ሆኜ «ቀስ ይበሉ» እላለሁ።

«ኧረ እትዬ፣ ይውረዱ! ሰው ምን ይለኛል?» ጮኸ ሙክታር።

«እኔ ካልሰቀልኩት ማን ሊሰቅለው?»

መጥረቢያውን ጣለና አውርዷቸው ገመዱን ተቀበለ። እያጉረመረመ ወጣ፤ እያጉረመረመ አንዱን ቀፎ ጎተተ፤ እያጉረመረመ አሰረ። ከዚያ ከቅጠሉ መሃል ድምፁ መጣ።

«ሁለተኛውን ይላኩት!»