ኤልቤቴል ስልኩን እምቢ ያለች ሰሞን

የእህቴ ልጅ ኤልቤቴል ከደቡብ አፍሪካ ወደ ዲላ የተመለሰችው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስትሄድ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ስትመለስ አሥራ አንድ ሞልቷታል። ጆሃንስበርግ ዳርቻ የነበራቸው ሱቅ ተዘርፎ ሲያልቅ፣ እህቴ ተናኘወርቅ ልጅቷን ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ ላከችልኝና እሷ ሱቁን ዳግም ላቁም ብላ እዚያው ቀረች። የያዘችው የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ አንዴ ከወጣች መመለስ የለም።

«አገሯ ነው፣ ትለምዳለች» አሉኝ ሁሉም። እኔም ሞኝ ነኝ፣ አመንኩ።

የቱን ትልመድ? ሰፈሩ በሙሉ አዛዧ ሆነ። ልጅቷ ገና በመጣች ሰሞን ጎረቤቴ ወይዘሮ መሪማ «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ከማዶ ሱቅ ሳሙና ግዢልኝ» ብትላት፣ ቀጥ ብላ ቆማ «አላውቅሽም እኮ» አለቻት። ሰው ጉንጯን ሲስማት በእጅጌዋ ትጠርጋለች። እንግድነት ስንሄድ ደግሞ «በቃኝ» ትላለች። በቃኝ ያለችው በቅቷት ነው፤ የቤቱ እመቤት ግን ይሉኝታ ይመስላትና «በሞቴ» እያለች ትጨምርባታለች። ልጅቷ እንባዋ ይመጣል፣ እኔ አፍራለሁ፣ ተኮራርፈን እንመለሳለን።

ከዚህ ሁሉ የምታርፈው እናቴ ጋ ነበር። እማማ አሰገደች ጆሮዋ ስለደከመ የልጅቷን የተሰባበረ አማርኛ ግማሹን አትሰማም። ቢሆንም ጎኗ አስቀምጣ አናናስ እየላጠች ታጎርሳታለች፤ አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትስቃለች። የሚተኙትም አብረው ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ እማማ ሞተች። ራቷን በልታ ተኝታ በዚያው አልነቃችም።

ሣልስቷ እንዳለፈ የእናቴ ወንድም ጋሽ ገብረኪዳን ሰበሰቡን። «ለተናኜ መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «ብቻዋን ናት። ራሷን ስትጥል ማን ይይዛታል? ሄዶ የሚያረዳት ሰው እስኪገኝ አፋችሁን ያዙ።»

እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው። መርዶ በማለዳ፣ በሰው መካከል ነው የሚነገረው። ሰው ግን አልተገኘም፤ ከዘረፋው በኋላ እዚያ የምናውቃቸው ሁሉ ተበትነዋል።

ተናኘወርቅ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «እማማስ?» ስትለኝ፣ «ቡሌ አበልጇ ጋ ሄዳለች፤ አየሩ ለደረቷ ይስማማታል። ኔትወርክ የለም እንጂ ታገኛት ነበር» አልኳት። ለደጋው ቡሌ ምስጋና ይግባውና፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ሲባል የሚጠራጠር የለም። ከዚያ ስልኩን ለኤልቤቴል ዘረጋሁላት። እጇን ወደ ኋላ ደበቀች።

«ሰላም በያት እንጂ!»

«ስለ እማማ ትጠይቀኛለች።»

«ቡሌ ናት ትያታለሽ።»

«ሞታለች እኮ!» አለች ጮክ ብላ። ስልኩን ቀሚሴ ውስጥ ሸሸግኩት፤ ደግነቱ እህቴ አልሰማችም።

ጋሽ ገብረኪዳን ከረሜላ ይዘው ሊመክሯት መጡ። «ውሸት እኮ አይደለም ልጄ፣ ለእናትሽ ማዘን ነው» አሏት። «አንተ ስትሞትስ ቡሌ ሄደ ይሉኛል?» አለቻቸው። አንተታው አንሶ! ሽማግሌው ከረሜላቸውን ኪሳቸው መልሰው ወጡ።

ምክንያቷን የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። ሱቃቸው ሲሰበር እናትና ልጅ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተደብቀው ነበር። እህቴ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አላለቻትም። «ሊገድሉን ይችላሉ፣ ዝም በይ» ነው ያለቻት። ልጅቷም ዝም አለች፣ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ ላይዋሻሹ ተማምለዋል። በእሷም፣ በእህቴም፣ በደንባችንም ተናደድኩ።

ከዚያ በኋላ ውሸቴ ሁለት ሆነ። እማማ ቡሌ ናት፤ ልጅቷ ደግሞ አንዱን እሑድ ጥናት ላይ ናት፣ አንዱን እሑድ ተኝታለች፣ ሌላውን ሰንበት ትምህርት ቤት ሄዳለች። የቡና ሰሞን ገብቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቄ ቡናውን በሸጠ ገበሬ ተጨናንቆ፣ ብርድ ልብስ እየዘረጋሁ እንኳ ለመጪው እሑድ የምፈጥረውን አስባለሁ። እንዲህ ያለ ድካም አይቼ አላውቅም።

አንድ እሑድ ጋሽ ገብረኪዳን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቤቴ ጎራ እንዳሉ ስልኩ ጮኸ። ተናኘወርቅ ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«ልጄን አቅርቢልኝ።»

«አሁን እኮ ወጣ ብላ...»

«ጸሐይ፣ ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ ምን ሆነሻል?»

«እማማ ትሙት በዪ።»

ከልጅነታችን ጀምሮ ስንት ጊዜ የማልነው መሐላ ነው! በቆሎ ስንሻማ ሳይቀር እማማ ትሙት እንባባል ነበር። ልጅቷ ደህና ናት፤ ብምል በሐሰት አልማልኩም። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። የእማማ መቃብር ላይ ያለው አፈር እንኳ ገና አልረጋም።

ዝምታዬን እህቴ በራሷ መንገድ ተረጎመችው። «ቀብራችኋታል!» ብላ ጮኸች። «ልጄን ቀብራችሁ ነው የምትደብቁኝ! ሱቁን ጥዬ እመጣለሁ! ነገ እመጣለሁ!» በሕይወት አለች ብል ብገዘት ማን ይስማኝ? የእኛ ሰው ርቆ ላለ ዘመድ «ሁሉም ደህና ነው» ሲል ምን ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች፤ እዚሁ አይደል ያደገችው! ወረቀቷም ሱቋም የዓመታት ልፋቷም በእኔ ዝምታ ገደል ሊገባ ነው።

ስልኬ የቻይና ነው፤ ጆሮ ላይ ተይዞም ሰፈር ያሰማል። ኤልቤቴል ከጓሮ የእናቷን ጩኸት ሰምታ ሮጣ ገባች። ጋሽ ገብረኪዳን ክንዷን ያዙ። «አለሁ ብቻ በያት፤ ሌላ እንዳትጨምሪ።»

ክንዷን አስለቅቃ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ከወዲያ የመጣው ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም። «አለሽ? ልጄ፣ አለሽ? ተናገሪ፣ ሌላም ተናገሪ!»

«አለሁ። አልታመምኩም።»

እህቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ታዲያ አክስትሽ መማል ለምን አቃታት?»

ኤልቤቴል እኔን አየች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«እማማ ሞታለች» አለች። «ክረምት ላይ ነው። ተኝታ ነው የሞተችው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።»

ያንን ጩኸት አልረሳውም። ጋሽ ገብረኪዳን «ይኸው! አላልኩም?» አሉኝ። ልጅቷ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። «አልቅሺ እማዬ፣ እኔ አልዘጋም» ትላታለች። እናቷ ታለቅስና ትጠይቃታለች። ማን ገነዛት? ሰው መጣላት? ዝናብ ነበር? በተሰባበረው አማርኛዋ አንዱንም ሳትዘል ትመልስላታለች።

ጋሽ ገብረኪዳን እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪ፣ አጎቷ ነኝ፣ እኔ ላጽናናት።» እኔም ጠጋ አልኩ። የሞተችው የእኔም የእህቴም እናት ናት፤ አብሬያት ማልቀስ እፈልግ ነበር።

ተናኘወርቅ ድምፃችንን ሰማች።

«ለማንም እንዳትሰጪ» አለቻት። «ለጸሐይም።»

ኤልቤቴል ወደ ግድግዳው ዞራ ማውራቷን ቀጠለች።