ሰላምታ የሚያበዛው ጭጋግ

ከሲሬ ወደ ነቀምቴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ረዳቱን «መስኮቷን ክፈትልን» ከማለቱ፣ ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ዞረው አፈጠጡበት።

«ሁሪ! በድምፅህ አወቅሁህ። ያቺ ልጅ ምን አደረገችህ?»

«አዴ ድርቤ፣ ተጽፎ ተሰጥቶኝ እኮ ነው!» አለ እየሳቀ። ለካ ጎረቤታሞች ናቸው።

ስሙ ኢቢሳ ነው። የኑኑ ቁምባ ልጅ ሲሆን፣ ነቀምቴ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ቅዳሜ ጠዋት በኦሮምኛ በሚተላለፈው የልጆች ካርቱን ላይ ደግሞ መንደሩን የሚውጠው ክፉ ጭጋግ፣ የሁሪ፣ ድምፅ እሱ ነው። ቢፍቱ፣ ፀሐይ ማለት ነው፣ የምትባል ጀግና እየበረረች መጥታ ትገፍፈዋለች።

እኔም ወሬ አልጠላምና ጠየቅሁት። የሚቀረጹት ግድግዳው በፍራሽ በተሸፈነ ክፍል ነው። ቢፍቱ ስትበር የሚሰማው ድምፅ የሚራገፍ ማዳበሪያ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ሥራ ቆሞ ሻይ ይጠጣል።

«ችግራችን ሕጉ ነው» አለኝ።

የቴሌቪዥን ጣቢያው እያንዳንዱን ክፍል አስቀድማ የምታይ ሲቲ የምትባል ገምጋሚ አለችው። ልጆች ያዩትን ስለሚሞክሩ መማታት የለም። ደም የለም። «እገድልሻለሁ» አይባልም። የወደቀ ሁሉ በሕይወት መውጣቱ መታየት አለበት። አንዴ ሁሪ ዴዴሳ ወንዝ ቢገባ፣ ዳር ላይ ልብሱን ሲያሰጣ ተሳለ።

«ጭጋግ እኮ ነኝ! የምን ልብስ?»

በኋላ ሳቁም ሕፃናት ያስደነግጣል ተብሎ ወጣ። የቀረው ንግግር ሁለት መስመር ሲሆን፣ ሥዕሉንም ድርሰቱንም የሚሠራው ነመራ ሁሪን ከነጭራሹ ሊያስወጣው አሰበ።

«ሱቅ ውስጥ የምናገረው ስለ አምፖል ነው» አለኝ ኢቢሳ። «ሰው ጆሮ የሰጠኝ ካርቱኑ ላይ ብቻ ነው።»

ድብድቡ ተቆርጦ ደቂቃው ባዶ በቀረበት ቀን፣ ቢፍቱ ፊቱ ስትቆም አባቱ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ እንደሚሉት ጀመረ፦ «አከም ጅርታ? ማቲን ነጋዳ? ሎን ነጋዳ?» እንዴት ነሽ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። የቢፍቱ ድምፅ የሆነችው ሊሊሴም ሰላምታ ሳትመልስ ማለፍ አልሆነላትም። ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ሲጠያየቁ ደቂቃው ሞላ። ሲቲ ሰላምታ የሚከለክል ሕግ ፈልጋ አጣችና አሳለፈችው። ልጆቹ ወደዱት።

«ታዲያ ተረፍክ» አልኩት።

«አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ክፉው እንዲህ ትሁት ከሆነ ልጆቹ የማያውቁትን ሰው ሁሉ ያምናሉ አለች ሲቲ። ወይ ሰላምታው ይቆረጣል፣ ወይ እኔ። ዛሬ ከሰዓት ይነግሩኛል።»

«እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።»

«እኔንም የከፋኝ እሱ ነው» አለ።

ነቀምቴ መናኸሪያ ወረድን። የአዴ ድርቤን ዘንቢል አወረደላቸው። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ላማቸው፣ ስለ ጉልበታቸው አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው ከኋላ የቆመ ሰው «ወንድሜ፣ መንገድ!» ብሎ ጮኸ። እሱ ግን ጨርሶ ነው ወደ እኔ የዞረው።

«ቅዳሜ ክፈትና ስማ» አለኝ እጄን ጨብጦ። «ሁሪ ሰላም ሳይል ከጀመረ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። እኔ እንደዚያ መጀመር አልችልበትም።»