ረጋ በል ማደሪያ ሲፈልግ

ተማሪዎቹ «ረጋ በል» የሚሉት አንድ የመኪና መንዳት አስተማሪ አለ። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ተማሪው ገና ቁልፉን ሳያዞር «ረጋ በል» ይለዋል፤ መስቀለኛ መንገድ ሲደርሱ «ረጋ በል» ይለዋል፤ ፈተናውን አልፎ ሊያቅፈው እየሮጠ ሲመጣም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ፍሬን ላይ መቼ እንደሚያርፍ ሲጠብቅ ስለሚውል፣ ቤቱ ገብቶ እንኳ ባለቤቱ ትኩስ ድስት ይዛ ፈጠን ብላ ስትዞር ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ወለሉን ይጫናል። እሷ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ጨዋታ የማያልቅባት ሴት ናት። «እኔ ያገባሁት ባል ሳይሆን ፍሬን ነው» ትላለች።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስትጨርስ ሦስት ኮሌጆች ተቀበሏት፤ አንዱ ሒሳብ አያያዝ፣ አንዱ ነርስነት፣ ሦስተኛው የመሬት ቅየሳ የሚያስተምሩ ናቸው። ሦስቱም በተለያየ ከተማ ሲሆኑ፣ ወላጆች መጥተው ግቢውን እንዲያዩ የጋበዙት ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር። አባት ልቡ የከጀለው ሒሳብ አያያዙን ነው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም፤ ከሦስቱ ለቤታቸው የሚቀርበው እሱ መሆኑን ግን የማያውቅ የቤት ሰው አልነበረም።

የባለቤቱ እናት፣ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው፣ የልጅ ልጄ የምትኖርበትን ቦታ በዓይኔ ሳላይ ቤት አልቀርም አሉ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው። በዚህም የተነሣ የማደሪያው ጉዳይ ከጉዞው ከበደ። ለእማማ ደረጃ የሌለው ክፍል ያስፈልጋል። ባለቤቱ ንጹሕ መታጠቢያ ትፈልጋለች። ልጅቷ ጸጥታ ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ ከመስኮቱ ሆኖ መኪናዋን ማየት አለበት፤ መተዳደሪያው ናትና። ባለቤቱ በስልኳ ስትፈልግ ሰንብታ አራቱንም የሚያስማማ የሚመስል ማረፊያ አገኘች። ፎቶው ላይ ሰፊ መስኮት፣ ነጭ አንሶላ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሳይቀር ነበረው።

ማለዳ ተነሡ። መኪናዋ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ የተሸከመች የማስተማሪያ መኪና ስለሆነች፣ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ገና ከሩቅ ይሸሻታል። እማማ እግራቸውን እንዲዘረጉ ከፊት ተቀመጡ። እዚያ ወንበር ሥር ደግሞ ለአስተማሪው የተሠራ ሁለተኛ ፍሬን አለ። እናም እማማ አንድ ነገር ባልጣማቸው ቁጥር መኪናዋ ሳይታሰብ ቀጥ ትል ጀመር። አማቻቸው እግራቸውን ወደ ጎን እንዲያደርጉለት በትሕትና ለመናቸው። እሳቸው ጉልበታቸውን ከመዘርጋት በቀር ምንም እንዳላደረጉ ነገሩት። ከኋላ እናትና ልጅ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይስቃሉ።

ከቀትር በኋላ ወደዚያ ማረፊያ ደረሱ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አሳንሰር የለም። ሰፊው መስኮት እውነት ሰፊ ነው፤ የሚያየው ግን ቁልቁል ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ የረዳቶች ጩኸት አልጋው ድረስ ይሰማል። እማማ ጥቂት ደረጃ ወጡና ቁጭ አሉ።

«እኔ እዚሁ አድራለሁ» አሉ። «ጠዋት ስትወርዱ ታገኙኛላችሁ።»

ወጥተው ሌላ ፈለጉ። ሁለተኛውን የእግር ኳስ ቡድን ሞልቶታል፤ ኮሪደሩ ላይ እርጥብ ካልሲ ተሰጥቷል። ሦስተኛው መልካም ነበር፤ ምድር ቤት፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ። መኪና የሚቆመው ግን በጓሮ በኩል ባለ መንገድ ላይ ነው። ረጋ በል ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ አየ፣ ወጥቶ ግድግዳውን ዞረ፣ ተመልሶ እንደገና በመስኮቱ አየ።

ባለቤቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «እንግዲያው መኪናዋን አልጋው ላይ እናስተኛትና እኛ መንገድ ዳር እንደር» አለችው።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ መንገዱ በሦስት አቅጣጫ የሚከፈልበት መገንጠያ ጋ አንድ ጎማ የሚጠግን ሰው አገኙ። ነፋስ ሊያስሞሉ ቆመው ጠየቁት። ቀና ሳይል በጣቱ አመለከታቸው፤ አለፍ ብሎ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ አለ፣ ሴትዮዋ ልጆቻቸው ሁሉ ስለሄዱ ክፍሎቹን ለእንግዳ ያከራያሉ አላቸው።

በሩን የከፈቱት ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው የሰበሰቡ ሴት ነበሩ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ቤቱ ባለ አንድ ደርብ እንኳ አይደለም፤ ክፍሎቹ በረድፍ ወደ ግቢው ይከፈታሉ፤ መኪናዋም ከመስኮቱ ሥር ልክ እንደ ታሰረች በቅሎ ቆመች። ልጅቷ ክፍሎቹን አይታ ስትመለስ እማማ ጫማቸውን አውልቀው አገኘቻቸው። ያ ማለት ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

አዋላጇ ሻይ እየቀዱ ስለ ጉዟቸው ጠየቁና ሳቁ። ከዚህ መገንጠያ አንዱ መንገድ ወደ ሒሳብ አያያዙ፣ አንዱ ወደ ነርስነቱ፣ አንዱ ወደ ቅየሳው ይወስዳል፤ ለምን በየቀኑ ዕቃ እየጫናችሁ ትንከራተታላችሁ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ እዚሁ ግቡ አሏቸው። ይህን ከስልኩ ማንም አላገኘውም ነበር። ባለቤቱ ባሏን አየችው፤ ባሏ መኪናዋን አየ፤ ተስማሙ።

እሱና ባለቤቱ የተኙት የአዋላጇ ታላቅ ልጅ ክፍል ውስጥ ነበር። የበሩ መቃን ላይ ልጁ ባደገ ቁጥር በእርሳስ የተሠመረ መስመር አለ። መደርደሪያው ላይ ከክብሪት እንጨት የተሠራች መርከብ ተቀምጣለች። ልጁ ዛሬ የመርከብ መሐንዲስ ሆኖ ባሕር ማዶ ይሠራል። ረጋ በል ልብሱን ሲያወልቅ መስመሮቹን እያየ ቆየ። የመጨረሻው ከእሱ ትከሻ በላይ ነበር።

ሒሳብ አያያዙ ትልቅ ሕንፃ፣ የሚያብረቀርቅ ወለልና ክራባት ያሰረ አስጎብኚ ነበረው። አባት በየክፍሉ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ። ልጅቷ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ በትሕትና አዳመጠች፤ ምንም አልጠየቀችም። ሲመለሱ እንዴት ነው ቢላት «ጥሩ ነው» አለችው። እማማ ከፊት ወንበር ሳይዞሩ፣ ሰው «ጥሩ ነው» የሚለው ወጡ ሳይጥመው ነው አሉ።

ነርስነቱ ጋ ደግሞ ተማሪዎች የሚለማመዱበት የፕላስቲክ በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። መርፌው ክንዱ ላይ ሲገባ ልጅቷ ፊቷ ነጣ፤ ያ እጅ ደም እንደሌለው እያወቀች። ማታ ይህን ለአዋላጇ ስትነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። እሳቸውም መጀመሪያ ቀን ወድቀው ወላዷ ራሷ ውኃ አምጡላት እንዳለች አጫወቷት። ያን ምሽት ሾርባቸውን በረንዳው ላይ ጠጡ። እማማና አዋላጇ የድሮ ወዳጅ ይመስል ጉልበታቸውን እያነጻጸሩ ሲያወሩ አመሹ።

በማግሥቱ ጠዋት ረጋ በል መኪናዋን ሊወለውል ሲወጣ አዋላጇ ገመድ ላይ አንሶላ ሲያሰጡ አገኛቸው። አንዱን ጫፍ ያዘላቸው። ሁለቱም አንሶላውን ወጠር አድርገው ጎተቱት።

«እትዬ፣ ልጆችዎ ሲሄዱ እንዴት ቻሉት?» አላቸው።

«መጀመሪያ ላይ ስልኩን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው» አሉ። «በኋላ እነሱ ሲደውሉ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ ማለት ጀመርኩ።»

ፈገግ አለ እንጂ አልሳቀም። እሳቸው የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አውጥተው ገመዱ ላይ ሰኩ።

«ተማሪዎችህ ምን እንደሚሉህ ባለቤትህ ነግራኛለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ግፊ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ አንተ ረጋ በል እያልክ። ሁለቱም ያስፈልጋል፤ እኔም ረጋ በይ የምልበት ሰዓት ነበረኝ። ግን ወንድሜ፣ ቀኑ የደረሰን ልጅ ረጋ በል ብለህ አታቆመውም።»

ይህን ብለው ቀጣዩን አንሶላ አቀበሉት።

ቅየሳው ከሦስቱ ሩቁ ነው። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ግቢው ጥቂት ዝቅተኛ ቤቶችና ሰፊ መስክ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። መስኩ ላይ ተማሪዎች በሦስት እግር የቆመ መሣሪያ እያዩ ይጯጯሃሉ፤ አንዱ ርቆ ረዥም ዘንግ ይዞ ቆሟል። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች መምህርት ልጅቷን ጠርታ በመሣሪያው እንድታይ ፈቀደችላት። ልጅቷ ዓይኗን አስጠጋች። ከዚያ በኋላ ወላጆቿን ረሳቻቸው። ዘንጉ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሚናገር ጠየቀች፤ መሬቱ ዘቅዛቃ ከሆነስ፣ ወንዝ መሐል ቢገባስ፣ ጭጋግ ሲሆንስ እያለች መምህርቷን ተከትላት ሄደች። ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ሲበትነው አንዴም አልሰበሰበችውም። እማማ ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቷቸው ያያሉ።

ባለቤቱ አጥሩ ጋ በክርኗ ነካ አደረገችው። «አየሃት?»

«አየኋት» አለ።

ሲመለሱ ጭር ያለው ሜዳ ጋ ሲደርሱ መኪናዋን ዳር አስያዘና አጠፋት። ጎማ የተነፈሰ መስሏቸው ሁሉም አንገታቸውን አወጡ። እሱ ወርዶ የኋላውን በር ለልጁ ከፈተላት።

«ነይ፣ አንቺ ንጂ» አላት።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰፈሩን ወጣት ግማሹን ያስተማረ ሰው የራሱን ልጅ መሪ አስጨብጧት አያውቅም። ከፈተና በኋላ ይላል፣ ዝናቡ ይለፍ ይላል፣ መንገዱ ተቆፍሯል ይላል። እማማ የሰውን ልጅ ሁሉ መንገድ አስገብቶ የራሱን ጎኑ አስቀምጧታል እያሉ ሲነካኩት ኖረዋል። አሁን ግን እያጉረመረሙ ወደ ኋላ ወንበር ሄዱ፤ እሱም በእሳቸው ቦታ ተቀመጠ።

መኪናዋ አንዴ ጠፋችባት። እንደገና አስነሣቻት፣ ዘለል ብላ ጠፋች። የልጅቷ ጆሮ ቀላ። አባቷ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ባለቤቱ ከኋላ ትከሻውን ነካችው።

«ዋጠው» አለችው።

ዋጠው። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፤ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፣ ሦስተኛም። ሜዳው በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። አባቷ እግሮቹን ወደ ራሱ ሰብስቦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። እንዲያ ሆኖ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። እማማ ከኋላ፣ ይቺ ከአባቷ ትሻላለች፣ ቢያንስ የምትደርስ ትመስላለች አሉ።

መገንጠያው ሲቃረብ ልጅቷ ዳር ይዛ አቆመች። መሪውን አልለቀቀችም፤ ወደ እሱም አልዞረችም።

«አባዬ፣ እኔ የምፈልገው ቅየሳውን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሩቅ ነው እኮ።»

«ምን ችግር አለው» አለ። «ማደሪያ አግኝተናል አይደል?»

ልጅቷ ሳቀች፤ እናቷ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመረች። የቀረውን መንገድ እሱ ነዳ፤ እንደ ወትሮው ቀስ ብሎ።

አሁን ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ናት። ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮታል፤ ስትደውል ስለ ኮረብታና ስለ ማዕዘን ታወራለች፤ አባቷ ግማሹ ባይገባውም ሁሉንም ያዳምጣል። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ባዶ መስሎት ነበር፤ ማታ ማታ በክፍሏ በር ሲያልፍ ቆም ይል እንደነበር ባለቤቱ ታውቃለች፤ አላነሣችበትም። ከዚያ በኋላ የእረፍት ቀን ባገኘ ቁጥር መንገድ የሚወጣ ሰው ሆነ። ባለቤቱም፣ እንደ ፈረቃዋ ሲመቻት፣ እማማ ሁልጊዜ፣ አብረው አዋላጇ ግቢ ያርፋሉ፤ ልጅቷ በአውቶቡስ ትመጣላቸዋለች። ክፍሉን አስቀድሞ መያዝ ቀርቷል። አዋላጇ የመርከቧን ክፍል ለሌላ እንግዳ ሲሰጡ ይቅርታ የሚጠይቁት እንደ ቤት ሰው ነው፤ እሱም ሳሎን ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ቅሬታ የለውም።

ባለፈው ሲሄዱ አዋላጇ ቁርስ ላይ ድንገት አንድ ነገር ጠየቁት። ልጆቻቸው በየዓመቱ እንመጣለን ይላሉ፣ ይቀራሉ፤ ታናሺቱ ያለችው ግን በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቆጥበው ቆይተው አንዲት አሮጌ መኪና ሊገዙ ነው። በዚህ ዕድሜ ይቻላል ወይ አሉት። ረጋ በል ተነሥቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ከፊታቸው አኖረው።

ግቢው ውስጥ ዞሩ። አንሶላ የተሰጣበትን ገመድ በጥቂት አመለጡት። እማማ ከኋላ ተቀምጠው «ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ግራ» እያሉ ያዛሉ፤ መኪና ነድተው ባያውቁም። አዋላጇ መሪውን አጥብቀው ይዘው፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እማማ ዝም እንዲሉላቸው በጨዋ ደንብ ለመኗቸው። ረጋ በል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክርኑን አስደግፎ ተቀመጠ። ፀሐዩ ገና የጠዋት ነበር፤ ለዕለቱ ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም።